የኪኖሊን ሥራዬን የት ልላክ? ዶላር የማይጠይቅ ጆርናል የምታውቁ ንገሩኝ

ኪኖሊና
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አገር ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ፣ ፊልዴ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ። ሥራዬ ኪኖሊን የሚባለው ናይትሮጂን ያለበት ቀለበት ላይ ነው፣ ያው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት መንገድ፣ ከአሴታኒላይድ ተነስቶ በፎስፈረስ ኦክሲክሎራይድና በዲኤምኤፍ 2-ክሎሮኪኖሊን-3-ካርባልዲሃይድን መሥራት፣ ከዛ ከአሴቶፌኖኖች ጋር ቻልኮን፣ ቻልኮኑን ደግሞ በፌኒልሃይድራዚን ወደ ፒራዞሊን መዝጋት። ፕሮቶንና ካርበን ኤንኤምአር 400 ሜጋኸርዙ ላይ ተነስቷል፣ አይአርና ሜልቲንግ ፖይንት አለ፣ ኤችአርኤምኤስ (የሞለኪዩሉን ክብደት በጣም በትክክል የሚለካው) ግን የለኝም። ባክቴሪያ ላይ በዲስክ ዲፊዩዥን ተሞክሯል፣ ዶኪንግም (ኮምፓውንዱ ፕሮቲን ላይ እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር መገመት) አለው።

ለመመረቅ ፔፐር መውጣት አለበት፣ የግድ ነው። ኢሜይሌ ደግሞ በየቀኑ "የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን ይላኩልን" በሚሉ ጆርናሎች ተሞልቷል። አንዱ በ5 ቀን ሪቪው ጨርሼ አወጣልሻለሁ ይላል፣ 450 ዶላር ክፈይ ነው የሚለው። ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ ያ ገንዘብ ስንት እንደሆነ አስሉት፣ ብሩ ቢገኝ እንኳን ዶላሩን ማን ያወጣልኛል። አድቫይዘሬ ደግ ሰው ናቸው፣ "ፈልገሽ አምጪ፣ አብረን እናያለን" ነው ያሉኝ። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ላብ_ኮት
እህቴ ያንን ኢሜይል ሰርዢው፣ መልስም አትስጪ። የኦርጋኒክ ፔፐር በ5 ቀን በትክክል አይገመገምም፣ ሪቪወሩ ስፔክትራሽን አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት አለበት። ኦሚክስ የሚባለውን አሳታሚ ስሙን ሳትሰሚ አትቀሪም፣ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከስሶት ፍርድ ቤት 2019 ላይ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል፣ ተመራማሪዎችን ስላታለለ። ከዛ በኋላ የዚህ ዓይነት ጆርናል ጠፋ ማለት ግን አይደለም።

ድሮ የቢል ሊስት የሚባል ነበር፣ አጠራጣሪ አሳታሚዎችን ኮሎራዶ የነበረ የላይብረሪ ባለሙያ የሚዘረዝርበት፣ 2017 ላይ ከኢንተርኔት አውርዶታል። አሁን እዛ ዝርዝር ላይ ብቻ ተደግፎ መወሰን አይቻልም፣ ኮፒዎቹም አርጅተዋል። ራስሽ ማጣራት አለብሽ። ጆርናሉ ስኮፐስ (ጆርናሎችን የሚመዘግበው ኢንዴክስ) ላይ አለሁ ካለ ራሱ ስኮፐስ ገብተሽ እይ፣ የጆርናሉ ድረገጽ ላይ የተለጠፈውን አርማ አትመኚ። ኦፕን አክሰስ (ማንም በነፃ የሚያነበው) ከሆነ የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ማውጫ የሆነው ዶአጅ ላይ ፈልጊው። ኤዲተሮቹ ዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ እኛም የዚህ ጆርናል ኤዲተር ነን ብለው ጽፈዋል ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ያወጣቸውን ሁለት ሦስት ፔፐር አውርደሽ ሰፕሊመንተሪውን ክፈቺ። የኤንኤምአር ስዕል የሌለው የሲንተሲስ ፔፐር በገፍ የሚያወጣ ከሆነ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው። ሌላ ደግሞ የእውነተኛ ጆርናል ስምና አይኤስኤስኤን (መለያ ቁጥር) ሰርቀው ሐሰተኛ ድረገጽ የሚከፍቱ አሉ፣ ስለዚህ በኢሜይል በመጣ ሊንክ በጭራሽ አትግቢ።

በቶሎ_ልመረቅ
እኔ ግን አልስማማም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና። የምትናገሩት ሁሉ እውነት ነው ግን ተማሪውን አላያችሁትም። ጥሩ ጆርናል ልከህ ስድስት ወር ጠብቀህ ሪጀክት ትባላለህ፣ ሌላ ትልካለህ ሌላ ስድስት ወር፣ በዚህ መሀል ስኮላርሺፑ ያልቃል፣ ቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ ያለውም አለ። ኮሚቴው የሚያየው ስኮፐስ ላይ አለ ወይ የለም የሚለውን ብቻ ነው፣ ውስጡን ማን ያነበዋል? ሕጉን ያወጣው ተማሪው አይደለም። እኔ ቶሎ የሚያወጣ፣ ስኮፐስ ያለበት የትም ይሁን ትላክና ትመረቅ ባይ ነኝ፣ ጥሩ ሳይንስ ከምርቃት በኋላም ይሠራል።

ራይን_ዳር
ወንድሜ ያልከው ችግር አለ፣ ማንም አይክደውም። ግን "ስኮፐስ ያለበት የትም ይሁን" የምትለዋ ናት ሰዉን ያቃጠለችው። ሂንዳዊ የሚባለውን አሳታሚ አስታውስ። ከኛ አገር ስንት ሰው እዛ አሳትሟል፣ ኬሚስትሪውም ፋርማሲውም። ዋይሊ 2021 ላይ በ298 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ ከዛ ልዩ እትሞቹ ውስጥ የፔፐር ፋብሪካዎች (ሐሰተኛ ፔፐር እያመረቱ የሚሸጡ) እንደገቡ ተደረሰበትና 2023 ላይ ብቻ ከ8000 በላይ ፔፐር ተሰረዘ፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ዋይሊ ስሙንም እተወዋለሁ አለ። በርካታ ጆርናሎቹ ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ወጡ። እዛ ውስጥ ንጹሕ ሥራ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ፣ ምንም ያላጭበረበሩ፣ ዛሬ ሲቪያቸው ላይ ያንን ስም ሲያነብ ሰው በጥርጣሬ ያያቸዋል። ዛሬ ያለ ኢንዴክስ ነገ ሊወጣ ይችላል፣ ፔፐሩ ግን ዕድሜህን ሙሉ ስምህ ላይ ነው።

ደግሞ ኪኖሊና፣ አንቺ ዕድለኛ ፊልድ ውስጥ ነሽ፣ እሱን ልንገርሽ። ሄትሮሳይክል (እንደ ኪኖሊን ቀለበቱ ውስጥ ከካርበን ሌላ አቶም ያለበት) ላይ ሳይከፈል የሚያሳትሙ ትክክለኛ ጆርናሎች ከብዙ ፊልድ ይበልጣሉ፣ የኛ ሰው አያውቃቸውም እንጂ።

አርኪቮክ አለ። አለን ካትሪትስኪ የሚባሉ ሰው፣ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ፣ የሄትሮሳይክል ትልቁ ሰው በላቸው፣ 2000 ላይ ነው ያስጀመሩት። አንባቢም ደራሲም አይከፍልም፣ ከመጀመሪያውም ሐሳቡ ድሃ አገር ያለ ኬሚስት ገንዘብ ስለሌለው እንዳይቀር ነበር። እሳቸው 2014 ላይ አርፈዋል፣ ጆርናሉ ግን ቀጥሏል። ባይልሽታይን ጆርናል ኦፍ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አለ፣ ከ2005 ጀምሮ፣ ፍራንክፈርት ያለው የባይልሽታይን ተቋም ወጪውን ይሸፍናል፣ አንቺ ሳንቲም አትከፍይም፣ ግን ጠንካራ ነው፣ ተራ ሥራ አይቀበልም። ጆርናል ኦፍ ሄትሮሳይክሊክ ኬሚስትሪ ደግሞ ከ1964 ጀምሮ ያለ ነው፣ ዋይሊ ያሳትመዋል፣ ሃይብሪድ ስለሆነ በሰብስክሪፕሽን መንገድ ከወጣ ክፍያ የለውም። ከሪጋ፣ ላትቪያ የሚወጣውም አለ፣ ኬሚስትሪ ኦፍ ሄትሮሳይክሊክ ኮምፓውንድስ፣ ከሶቪየት ዘመን ከ1965 ጀምሮ በራሽያኛ ሲወጣ የኖረ፣ እንግሊዝኛውን ስፕሪንገር ያወጣዋል። ያንቺ ዓይነት ሥራ መጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ቤቱ ነው።

ኪኖሊና
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከነዚህ አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው። አንድ ያልገባኝ ነገር፣ ሃይብሪድ ሲሆን ለምን አይከፈልም? ሁሉም ጆርናል ኦፕን አክሰስ ምረጪና ይሄን ያህል ዶላር ይላል። ደግሞ ዌቨር የሚባለው፣ ነፃ ካስደረግኩ ሪቪው ላይ ይጎዳኛል እንዴ?

ራይን_ዳር
ሃይብሪድ ማለት ሁለት በር አለው። አንዱ ኦፕን አክሰስ ነው፣ አንቺ ትከፍያለሽ ዓለም በነፃ ያነባል። ሁለተኛው ሰብስክሪፕሽን ነው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍለው ያነባሉ አንቺ ምንም አትከፍይም። ፔፐርሽ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ፎርሙ ላይ ሲጠይቁሽ ሰብስክሪፕሽን የሚለውን ምረጪ፣ እዛ ላይ ነው ብዙ ሰው ሳያስተውል ኦፕን አክሰስ ነክቶ ኢንቮይስ የሚመጣበት። አገር ቤት ያለ ሰው እንዳይቸገር የተቀበሉሽን የራስሽን ዎርድ ኮፒ የዩኒቨርሲቲሽ ሪፖዚተሪ ላይ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ የጥበቃ ጊዜ ሊኖረው ስለሚችል ደንቡን እይ።

ዌቨር የሚሠራው በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ ኦፕን አክሰስ ለሆኑት ነው። ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ (ለድሃ አገሮች ጆርናል በነፃ ወይ በቅናሽ የሚያቀርበው ፕሮግራም) ላይ ግሩፕ ኤ ውስጥ ናት፣ ብዙዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ለግሩፕ ኤ ሙሉውን ይተዋሉ። የእንግሊዙ ኬሚስትሪ ማኅበር ጆርናል አርኤስሲ አድቫንስስ 2017 ላይ ሙሉ ኦፕን አክሰስ ሆኗል፣ ኮረስፖንዲንግ ኦተሩ (ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው ደራሲ) እኛ አገር ከሆነ ክፍያው ይቀርለታል። ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ስትልኪ ነው መጠየቅ ያለብሽ፣ ከአክሰፕት በኋላ አይደለም። ሌላው ውጭ አገር ያለ ሰው ኮረስፖንዲንግ ካደረግሽ መብቱ ሊቀርብሽ ይችላል፣ አንዳንዱማ ደራሲዎቹ በሙሉ ከዚህ አገር ካልሆኑ አይሰጥም፣ ስለዚህ የያንዳንዱን ፖሊሲ አንብቢ። ሪቪወሩ ማን እንደከፈለ አይነገረውም፣ አትፍሪ።

እትዬ_ስፔክትራ
ልጆች ስለ ብሩ ብዙ አወራችሁ፣ እኔ ስለ ኮምፓውንዱ ላውራ። አሜሪካ መድኃኒት ድርጅት ውስጥ ሜዲሲናል ኬሚስት ነኝ፣ ለጆርናሎችም ሪቪው አደርጋለሁ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ፔፐር ሲደርሰኝ ልቤ ይመታል፣ እንዲያልፍ ስለምፈልግ። ሪጀክት የማደርገው በእንግሊዝኛው አይደለም፣ እንግሊዝኛ ይታረማል። አንባቢው ያ ኮምፓውንድ እውነት ያ ኮምፓውንድ መሆኑን ማመን ሲያቅተው ነው የሚወድቀው።

ኪኖሊና የኔ ልጅ፣ ያንቺን ልንገርሽ። ፒራዞሊኑን የዘጋሽው በምን ውስጥ ነው? በትኩስ አሴቲክ አሲድ ከሆነ እኔ ሪቪወር ብሆን መጀመሪያ የምጠይቅሽ ክሎሪኑ አሁንም አለ ወይ ነው። 2-ክሎሮኪኖሊን ውሃ ባለበት አሴቲክ አሲድ ሲፈላ ወደ ኪኖሊን-2-ኦን ይሄዳል፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ እንደውም ኪኖሎኑን ለመሥራት ሰዎች ሆን ብለው የሚያደርጉት ነው። ፕሮቶን ኤንኤምአርሽ ላይ 12 አካባቢ ሰፋ ያለ ኤንኤች ካለ፣ አይአር ላይ 1650 አካባቢ ካርቦኒል ካለ፣ ክሎሪኑ ሄዷል። ኤችአርኤምኤስ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፣ ለጌጥ አይደለም። ክሎሪን ካለ ደግሞ ተራ ኤልሲኤምኤስ (ክብደት የሚለካ ቀለል ያለ ማሽን) እንኳን ይነግርሻል፣ ኤም እና ኤም ፕላስ 2፣ ማለትም የሁለቱ ክሎሪን አይሶቶፖች ፒክ፣ በ3 ለ1 ይታያሉ።

ፒራዞሊን ከሆነ ኤቢኤክስ ሲስተሙ (የቀለበቱ ሦስት ፕሮቶኖች) መታየት አለበት፣ ሦስት ዲዲ (አራት አራት መስመር ያለው ፒክ)፣ በግምት 3.1፣ 3.8 እና 5 ከምናምን አካባቢ፣ ኪኖሊኑ ሲጎትተው የመጨረሻዋ ወደ ላይ ልትወጣ ትችላለች። ጄዎቹን (በፒኩ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት) ጻፊ፣ ጄሚናሉ፣ አንድ ካርበን ላይ ያሉት የሁለቱ ፕሮቶኖች፣ 17 ከምናምን ኸርዝ ነው። እነሱ ጠፍተው በነሱ ፈንታ 7 አካባቢ አንድ ሲንግሌት ብቻ ካለሽ ፒራዞሊን ሳይሆን አየር ኦክሲዳይዝ አድርጎት ፒራዞል ሆኗል። ስንት ፔፐር አይቻለሁ ስሙ ፒራዞሊን ስፔክትረሙ ፒራዞል የሆነ።

የማሟሟያው ኢቲል አሴቴት ፒክ ካለ አትደምስሺው እሺ? በሲዲሲኤል3 ውስጥ 1.26፣ 2.05፣ 4.12 ላይ የሚቆሙት እሱ ናቸው፣ ሁሉም ኬሚስት ያውቃቸዋል፣ ጽፈሽ እለፊ ወይ ድጋሚ አድርቂው። 2013 ላይ የኦርጋኒክ ሌተርስ ዋና ኤዲተር አሞስ ስሚዝ በግልጽ ጽፈዋል፣ ሰፕሊመንተሪ የሚያጣራ ባለሙያ ቀጥረው ከስፔክትረም ላይ ፒክ የጠፋባቸው ፔፐሮች አገኙ። ብዙዎቹ ኮምፓውንዱን በትክክል የሠሩ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ስፔክትረሙ ንጹሕ እንዲመስል ብለው ነው። ለንጹሕ መምሰል ብሎ እምነት ማጣት በጣም ያሳዝነኛል። ጥሬውን የኤንኤምአር ፋይል፣ ኤፍአይዲውን፣ ዚፕ አድርገሽ አብረሽ ላኪ፣ ማንም ባይጠይቅሽም። ያንን የሚያይ ሪቪወር ልቡ ይከፈትልሻል።

ላብ_ኮት
ዶክተር በጣም እናመሰግናለን፣ ይሄ ለሁላችንም ነው። ግን ኤችአርኤምኤስ እዚህ ማስነሳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ሳምፕል ውጭ አገር መላክ፣ ወረፋ፣ የሚያውቁት ሰው መፈለግ። በኤለመንታል አናሊሲስ (ሲኤችኤን፣ የካርበን፣ የሃይድሮጂንና የናይትሮጂን መቶኛ) መተካት አይቻልም?

እትዬ_ስፔክትራ
ይቻላል፣ ብዙ ጆርናል አንዱን ነው የሚጠይቀው። ኤችአርኤምኤስ ከሆነ ስህተቱ 5 ፒፒኤም ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል፣ ሲኤችኤን ከሆነ 0.4 በመቶ ውስጥ። ስለ 0.4 ገደቡ ደግሞ አንድ ነገር ልበላችሁ፣ 2022 ላይ ተመሳሳይ ንጹሕ ሳምፕሎችን ወደ ተለያዩ አገር ላቦች ልከው ያነጻጸሩ ሰዎች አሉ፣ ንጹሕ ሆነው እንኳ ከዛ ገደብ የወጡ ውጤቶች ነበሩ፣ ገደቡ ጥብቅ ነው ብለው ተከራክረዋል። ስለዚህ 0.46 ወጣልኝ ብላችሁ ቁጥሩን እንዳታስተካክሉ። የወጣውን ጻፉ፣ ኤንኤምአሩን አያይዙ፣ ለኤዲተሩ አስረዱ። ኤችአርኤምኤስ ማሽኑ ያለበት ላብ ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ አንድ ሚሊግራም እንኳን አይፈጅም፣ ለመጠየቅ አትፈሩ፣ እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ከምታስቡት በላይ መርዳት እንፈልጋለን።

ባዮሎጂው ላይ ደግሞ የዲስክ ዞን ብቻ አይበቃም። ኮምፓውንዱ አጋር ውስጥ በደንብ ካልተሰራጨ ዞኑ ትንሽ ይሆናል፣ አልገደለም ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ሁለት ኮምፓውንድ በሚሊሜትር ማወዳደር አያስኬድም። ኤምአይሲ (ባክቴሪያው እንዳያድግ የሚያደርገውን ትንሹን መጠን) አውጪ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ጎን ለጎን፣ ማሟሟያው ዲኤምኤስኦም ብቻውን። ሲፕሮም ራሱ ያንቺው ቤተሰብ ሄትሮሳይክል ነው።

ፒፔት_ከጅማ
እኔ የምጨምረው ዶኪንጉ ላይ ነው። አሁን አሁን ሁሉም ፔፐር መጨረሻ ላይ ዲኤንኤ ጋይሬዝ (የባክቴሪያ ኢንዛይም) ላይ ዶክ አደረግን ማይነስ 8 ምናምን አገኘን ብሎ ይዘጋል። ኤዲተሮቹ ሰልችቷቸዋል፣ አንዳንዱ ጆርናል ያለ ሙከራ ማረጋገጫ ዶኪንግ አንቀበልም ብሎ ጽፏል። ቢያንስ የፕሮቲኑ ክሪስታል ውስጥ የነበረውን ሊጋንድ (ተጣብቆ የነበረውን ሞለኪዩል) አውጥተሽ መልሰሽ ዶክ አድርጊና ቦታው ላይ መመለሱን አሳዪ። ደግሞ ወደፊት ሮዳኒን የሚባለውን ሄትሮሳይክል ምናምን ልትሞክሪ ካሰብሽ ፔይንስ የሚለውን አንብቢ፣ ባኤልና ሆሎዌይ 2010 ላይ ያወጡት ነው፣ ሁሉም ቴስት ላይ ንቁ የሚመስሉ ግን መድኃኒት የማይሆኑ ስትራክቸሮችን የዘረዘረ። ሄትሮሳይክል የሚሠራ ሰው ይሄን ሳያውቅ ባዮአክቲቪቲ ባይጽፍ ይሻላል።

በቶሎ_ልመረቅ
እትዬ ያሉት ገብቶኛል፣ እውነት ነው፣ ስለ ክሎሪኑ አላሰብኩበትም ነበር፣ እኔም በአሴቲክ አሲድ ነው የምዘጋው። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ፣ ይሄን ሁሉ አድርገህ "አዲስነት የለውም" ተብሎ ይመለሳል። ያ ነው የሚያናድደው።

ራይን_ዳር
እሱ እኮ አንዳንዴ ትክክል ነው። ቢጂኔሊን ውሰድ፣ 1891 ላይ የተገኘ ሪአክሽን ነው፣ ዛሬም "አዲስ ካታሊስት" እየተባለ የሚወጣው ፔፐር ተቆጥሮ አያልቅም፣ ያለ ካታሊስትም እኮ ሲሞቅ ይሄዳል። አንተ ዘንድሮ አንድ ካታሊስት ብትጨምርበት ማን ይጠቀማል? አዲስነት ሁልጊዜ አዲስ ሪአክሽን ማለት አይደለም ግን። ከነበረው ፔፐር ላይ የተሳሳተ ስትራክቸር አግኝቶ ማረም አዲስ ነው። ያልተመሳሰለ ዳይኬቶን ከአሪልሃይድራዚን ጋር ሁለት ፒራዞል ይሰጣል፣ የትኛው እንደሆነ ብዙ የድሮ ፔፐር በግምት ነው የጻፈው፣ አንተ ኖዚ ወይ ኤችኤምቢሲ በሚባሉት የኤንኤምአር ዓይነቶች ለይተህ ብታሳይ ሪቪወሩ ያመሰግንሃል። ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ኮምፓውንዶቹ ተሠርተው እንደሆነ እይ። የሚከፈልበት ዳታቤዝ ሳይፋይንደር ለሌለን ፐብኬምና ኬምስፓይደር ነፃ ናቸው፣ ስትራክቸሩን ስለህ ነው የምትፈልገው፣ በስም አይደለም። የታወቀ ኮምፓውንድ ከሆነ ሜልቲንግ ፖይንቱን ካለፈው ጋር አወዳድር፣ አዲስ ነው ብለህ አትጻፍ።

ላብ_ኮት
የራሳችንን ደግሞ አንርሳ። የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ከ1987 ጀምሮ እየወጣ ነው፣ በድሮ እትሞቹ የኛ እፅዋት ኬሚስትሪ እንዴት እንደተሠራ ማየት ይቻላል፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ በነፃ ይነበባል። ዛሬ ከሕንድ ከቱርክ ከናይጄሪያ ይላክለታል፣ እኛ ደግሞ ስሙን ሳናውቅ ወደማናውቀው ድረገጽ እንልካለን። እኔ በግሌ ተማሪዎቼ ከሥራቸው አንዱን እዛ እንዲልኩ እነግራቸዋለሁ፣ ሪቪወሩ የኛን ላብ ሁኔታ ያውቃል፣ ይሄ ግን ይለቃል ማለት አይደለም።

ኪኖሊና
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስፔክትራዬን ከፍቼ አየሁ። ኤቢኤክሱ ሁሉም ላይ አለ፣ እሱ ደስ ብሎኛል። ግን ሁለቱ ኮምፓውንድ ላይ 12.1 አካባቢ ሰፊ ፒክ አለ፣ እኔ ሁልጊዜ እርጥበት ነው እያልኩ ነበር የማልፈው። ሌሎቹን በኢታኖል ነው የሠራኋቸው፣ እነዚህን ሁለቱን ግን በአሴቲክ አሲድ። ለአድቫይዘሬ አሳየኋቸው፣ "ኪኖሎን ናቸው ማለት ነው፣ ስማቸውን እንቀይርና ለብቻቸው እናስቀምጣቸው፣ ይሄ ራሱ ጥሩ ነጥብ ነው" አሉኝ። ኤምአይሲውን ማይክሮባዮሎጂ ያለች ጓደኛዬ ልትረዳኝ ተስማምታለች። መጀመሪያ ጆርናል ኦፍ ሄትሮሳይክሊክ፣ ካልሆነ ሪጋ፣ ካልሆነ የኛው ቡለቲን ብለን ወስነናል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ኤችአርኤምኤስ የሚያነሳልኝ ሰው ካገኘሁ ደራሲ ላድርገው ወይስ ምስጋና ላይ?

እትዬ_ስፔክትራ
ጎበዝ ልጅ! ያ ፒክ እርጥበት አልነበረም፣ እርጥበት በዲኤምኤስኦ ውስጥ 3.33 ላይ ነው የሚቆመው። ለእነዛ ለሁለቱ ኤልሲኤምኤስ አስነሺላቸው፣ 3 ለ1 ከጠፋ ተረጋገጠ።

ስለ ደራሲነት፣ ማሽን ላይ አስገብቶ ቁጥር ለሰጠሽ ሰው ምስጋና ይበቃል፣ ላቡንና ማሽኑን ጠቅሰሽ ጻፊ። ውጤቱን ተርጉሞ ስትራክቸሩ ላይ የተከራከረሽና ማኑስክሪፕቱን ያነበበ ከሆነ ግን ደራሲ ነው። ይሄን ሳምፕሉን ከመላክሽ በፊት በኢሜይል ተነጋገሩበት፣ በኋላ ቅያሜ እንዳይመጣ። ውጭ ያለ ሰው ደራሲ ከሆነ ደግሞ ኮረስፖንዲንጉ አድቫይዘርሽ ይሁኑ፣ ለዌቨሩ።

በቶሎ_ልመረቅ
እትዬ እኔም የ12ቱን ፒክ ለማየት ፋይሎቼን ልከፍት ነው። ኪኖሎን ሆነው ከተገኙ በውስጥ መስመር ልላክልዎት እችላለሁ?

እትዬ_ስፔክትራ
ላክልኝ ወንድሜ፣ ኤፍአይዲውን እንጂ ፒዲኤፉን አይደለም። ቅዳሜ አየዋለሁ።